በሁዳዴ የሚሳል ቢላ

ሾላ መገንጠያ ከመናኸሪያው እስከ ገበያው በተዘረጋ አንድ መንገድ ላይ የቆመች፣ አውቶቡሶች ለምሳ የሚያርፉባት ትንሽ ከተማ ናት። በመንገዱ ግራና ቀኝ ጣሪያቸው የዛገ፣ ትከሻ ለትከሻ የተደጋገፉ ሱቆች ተደርድረዋል፤ ጸጉር ቤቱ፣ የእህል መጋዘኑ፣ ሬዲዮ ጠጋኙ፣ የወይዘሮ ዘይነባ ምግብ ቤት፣ ከዚያ ደግሞ አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ የሚለያቸው የወንድይፍራው ሥጋ ቤትና የማንጠግቦሽ ልብስ ስፌት። ማንጠግቦሽ ጠዋት ጠዋት የሱቋን በር ከፍታ፣ ደጁን ውኃ ረጭታ ትጠርግና ነጠላዋን ሚስማር ላይ ሰቅላ ከስፌት መኪናዋ ፊት ትቀመጣለች። ባሏ ላቀው ከኋላዋ ባለው ረጅም ጠረጴዛ ላይ የከሰል ካውያውን እያራገበ የተሰፋውን ይተኩሳል። ድሮ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ዓይኑ ሲደክም መሪውን ትቶ ካውያ ያዘ። ልጅ አልወለዱም። ቀኑን ሙሉ በአንድ ክፍል ውስጥ ጀርባና ፊት ሆነው ሲሠሩ እምብዛም አያወሩም፤ እሱ ግን ሲተኩስ ቃል የሌለው ዜማ በአፍንጫው ያንጎራጉራል፣ እሷም ያንን እየሰማች መኪናዋን ትረግጣለች።

ከግድግዳው ወዲያ ያለውን ሕይወት ማንጠግቦሽ በጆሮዋ ታውቀዋለች። ወንድይፍራው ቢላውን በሞረድ ሲያሾል፣ መጥረቢያው አጥንት ሰብሮ ግንዱ ላይ ሲያርፍ፣ ሜንጦው ብረቱ ላይ ሲንሸራተት፣ ደንበኛ «ከሻኛው ጨምርበት» ሲል፣ ይህ ሁሉ ለእሷ እንደ ዝናብ ድምፅ ነበር፤ ሲኖር አይታወቃትም፣ ሲቆም ብቻ ቀና ትላለች።

በቅበላ ዕለት ሥጋ ቤቱ ከጠዋት ጀምሮ በሰው ተጨናነቀ። ነገ ጾም ይገባል፤ ከተማው በሙሉ የመጨረሻዋን ጥሬ ለመቁረጥ ወጥቷል። ከቀትር በኋላ ሥጋው ስላለቀ ወንድይፍራው ከጓሮ ሌላ በሬ ጣለ። ሰክሮ ነበር ይላሉ፤ ብቻ አንገቱን በቅጡ ሳይቆርጠው በሬው ገመዱን በጥሶ ተነሣ። ማንጠግቦሽ የሰማችው መጀመሪያ የሰው ጩኸት ነው፣ ከዚያ እንደ ተቀደደ ወናፍ የሚያፏጭ ትንፋሽ፣ ከዚያም የቤቱ ግድግዳ ተናወጠ። በሬው በር መስሎት በግንባሩ ግድግዳውን መታው። ደግሞ መታው። ላቀው ካውያውን ጥሎ እሷን በክንዷ ጎትቶ ወደ ደጅ አወጣት። ሲመለሱ ወዲያ ማዶ መጥረቢያ የሚወርድበት ድምፅ ብቻ ነበር፤ እርጥብ፣ የማይቸኩል፣ በሬው ከሞተ በኋላም ያላቆመ። በግድግዳው ላይ ከወገብ በላይ የሚደርስ ስንጥቅ ተከፍቷል፣ ከግርጌውም ደም ቀስ እያለ በመሬቱ ላይ ወደ ስፌት መኪናዋ እግር እየመጣ ነበር።

ማታ ወንድይፍራው ሥጋ ቤቱን አጠበ። ነጭ ጋዋኑን አውልቆ ወደ እነ ማንጠግቦሽ ደጅ መጣና ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ጠየቀ።

«ለፋሲካ ስመለስ ግድግዳሽን አስመርግልሻለሁ፣ እትዬ» አለ።

«በደህና ተመለስ» አለችው።

በማግስቱ በሩን በትልቅ ጓጉንቸር ቆልፎ፣ ቁልፉን ኪሱ ከቶ፣ ከብት ሊገዛ ወደ ቆላ በሚወርደው አውቶቡስ ሲሳፈር በዓይኗ አይታዋለች። ስንጥቁን በዱቄት ማጣበቂያ ጋዜጣ ለጠፈችበት። የፈሰሰውን ደም አመድ ነስንሳ አጠበችው፤ መሬቱ ግን በዚያ በኩል ጠቆር እንዳለ ቀረ።

ዘወረደ በጸጥታ አለፈ። ሥጋ ቤቱ ሲዘጋ መንገዱ ሁሉ ድምፁ የሚቀንስ ይመስላል፤ ሰው በቀስታ ይራመዳል፣ ከደጀ ሰላሙ የሚመጣው ደወል ጎልቶ ይሰማል፣ ከየቤቱ የሚወጣው የሽሮና የተልባ ሽታ ነው። ማንጠግቦሽ ይህን ጊዜ ትወደዋለች። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ በአፏ አይዞርም። ላቀውም ከእሷ ጋር እንደ ልማዱ ይጾማል፤ ዘንድሮ ግን ሲተኩስ ጉልበቱ ይከዳዋል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ አንዳንዴ ጠረጴዛውን ተደግፎ ዓይኑን ጨፍኖ ይቆማል። «ምነው?» ስትለው «ደህና ነኝ» ይላል። የነጣ ከንፈሩን አይታ ወደ ስፌቷ ትመለሳለች።

በቅድስት ሳምንት አንድ ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ መንገዱ ጭር ባለበት ሰዓት፣ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ሳለ መኪናዋ ክር ጨረሰ። እግሯን ከመርገጫው አነሣች። በጸጥታው ውስጥ፣ ከግድግዳው ወዲያ፣ ቢላ በሞረድ ላይ ይሳብ ነበር።

ረጅም ስቦ ያርፋል፣ ይገለብጠዋል፣ ደግሞ ይስባል። ልምድ ያለው ሰው እጅ የሚስበው የሚመስል፣ የማይቸኩል አሳሳብ ነበር። ማንጠግቦሽ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ሳታስገባ በጣቷ እንደያዘች ቆየች። ከዚያ «ላቀው» ብላ ዞረች። ላቀው አልነበረም፤ ካውያው በማረፊያው ላይ ቆሞ ይጨሳል።

ሲመለስ ነገረችው።

«አይጥ ይሆናል» አለ። «አጥንት ጥሎ ሄዶ ይሆናላ።»

«አይጥ ቢላ ይስላል?»

«እንግዲህ በጾም ሆድ ባዶ ሲሆን ጆሮም ይሳሳታል» አለና ፈገግ ብሎ ካውያውን አነሣ። ፊቱ ላይ ጠዋት ያልነበረ ወዝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ድምፁ በየቀኑ መጣ፣ ሁልጊዜም በቀትር፣ ሁልጊዜም ላቀው ወጣ ባለበት። ወጥታ በሩን አየች፤ ጓጉንቸሩ እንደተንጠለጠለ ነው፣ አቧራ አልብሶታል። ዞራ የጓሮውን አጥር ሞከረች፤ ሽቦው እንደታሰረ ነው። ሽታው ግን ነበር። ከዚህ በፊት በጾም ወራት ከሥጋ ቤቱ የሚመጣው የደረቀ ጨውና የሻገተ እንጨት ሽታ ነበር፤ አሁን የሚመጣው ትኩስ ነው፣ አሁን ከተገፈፈ ቆዳ ሥር እንደሚወጣ እንፋሎት የሚሞቅ፣ ብረት ብረት የሚል፣ በአፍንጫ ገብቶ ምላስ ላይ የሚቀመጥ። የጋዜጣው ወረቀት በስንጥቁ ላይ ከወዲያ በኩል እየረጠበ ፊደሎቹ ተደባለቁ። ዝንብ በደጁ በዛ። የሰፈሩ ውሾች ከተዘጋው በር ፊት በረድፍ ተቀምጠው ቀኑን ሙሉ ሳይጮኹ ይጠብቁ ጀመር፤ ሰው ሲያልፍ እንኳ ዓይናቸውን ከበሩ ሥር አያነሡም። ደግሞ አንድ ቀን ሁሉም ጠፉ። ከዚያ በኋላ ውሻ በዚያ በኩል አላለፈም፤ በገመድ የሚጎትቱት እንኳ እግሩን ተክሎ እምቢ ይላል።

ላቀው ግን እየዳነ ነበር። በምኩራብ ሳምንት ጉንጩ ሞላ፣ እጁ ካውያውን እንደ ድሮ ያሽከረክር ጀመር፤ ከወገቡም ቀና አለ። እሷ ከጾሙ የተነሣ ቀለበቷ ከጣቷ እየወለቀ ሳለ፣ እሱ ቀበቶውን አላላ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሽሮውን ስታቀርብለት ሁለት ጊዜ ጎርሶ «በቃኝ» ይላል። ሌሊት አጠገቡ ስትተኛ በትንፋሹ ውስጥ ያንን ሽታ ታገኘዋለች። ጀርባዋን ሰጥታ፣ ዓይኗን ግድግዳው ላይ ተክላ፣ ከኋላዋ የሚተነፍሰው ማን እንደሆነ ራሷን ትጠይቃለች፤ ከዚያ በራሷ አፍራ ታማትባለች።

«ቀትር ቀትር የት ነው የምትሄደው?» አለችው አንድ ቀን።

ካውያውን እንደያዘ ቆመ። «ቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር አረፍ ልል።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ» አለና ዓይኑን ከእሷ አሸሸ። በአብሮነታቸው ዘመን ሁሉ ላቀው ሲዋሻት አታውቅም፤ ስለዚህ ሲዋሽ ምን እንደሚመስል አላየችም ነበር። አሁን አየችው፤ ፊቱ የሌላ ሰው ፊት መሰላት።

የዚያኑ ሳምንት ወይዘሮ ዘይነባ ያሰፋችውን ቀሚስ ልትወስድ መጣች። ወፍራም፣ ሳቂታ ሴት ናት፤ ሁዳዴ ሲገባ የክርስቲያኑ ምግብ ቤት ሁሉ ወደ ጾም ወጥ ሲዞር፣ እሷ ለሙስሊሙ መንገደኛና ለሹፌሮች ሥጋ ትሠራለች። ማንጠግቦሽ ቀሚሱን እያጠፈች «ዘይነባ፣ አንቺ ከዚህ ማዶ የምትሰሚው ነገር አለ?» አለቻት።

ዘይነባ ስንጥቁን አየች። ሳቋ ጠፋ።

«ያ ሥጋ ቤት ድሮም ደስ አይልም» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አንቺ ወደዚህ ከመምጣትሽ በፊት ነው፤ እኔ ልጅ ነኝ። ጋሻው የሚባል ባለ ሥጋ ቤት ነበረ። ከወንድሙ ጋር ነበር የሚሠራው፤ ሲዋደዱ ሌላ ነው። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ወንድሙን በመጥረቢያ ቆራረጠው። ሰው ሲገባ ጋሻው ደጁ ላይ ተቀምጧል። ‹ምን አደረግህ?› ሲሉት ‹ያ ወንድሜ አይደለም፤ ወንድሜ ለምሳ ይመጣል› አለ። እጁን ሲያስሩትም መንገዱን እያየ ይጠብቅ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ወሰዱት። እስር ቤት ሞተ አሉ።» ቀሚሱን ተቀበለቻት። መሄድ ጀምራ ቆመች፣ ወደ ላቀው ባዶ ጠረጴዛ አየች፣ የሆነ ነገር ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው። «ላቀው ደህና ነው አይደል?» አለች።

«ምን ይሆናል?»

«አይ፣ እንዲያው» አለችና ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ ወጣች። ማንጠግቦሽን ያ አተያይ ቀኑን ሙሉ አልለቀቃትም። ዘይነባ የምታውቀው ነገር አለ። ከተማው ሁሉ የሚያውቀው፣ ለእሷ ብቻ ያልተነገራት ነገር አለ።

በመጻጉዕ ሳምንት ድምፁ ተለወጠ። ከቢላው መሳል በኋላ መጥረቢያው መውረድ ጀመረ። በሬ ሲቆረጥ የሚሰማው ከባድ፣ ባዶ ድምፅ አልነበረም፤ ቀለል ያለ፣ ቀጭን አጥንት የሚሰብር ነበር። በመሐል ያርፋል። በዚያ ዕረፍት ውስጥ ማንጠግቦሽ ጆሮዋን ሳታቀርብ የምትሰማው ዜማ መጣ፤ ቃል የሌለው፣ በአፍንጫ የሚንጎራጎር። ያንን ዜማ ከሠርጋቸው ማግስት ጀምራ ከኋላዋ ስትሰማው ኖራለች። ካውያው ማረፊያው ላይ ነው። የላቀው ጠረጴዛ ባዶ ነው። ዜማው ከግድግዳው ወዲያ ነው።

«ላቀው?» አለች በሹክሹክታ።

ዜማው ቆመ። መጥረቢያው ቆመ። ከስንጥቁ ማዶ፣ ከረጠበው ጋዜጣ ጀርባ፣ አንድ ሰው ተጠግቶ ሲተነፍስ ሰማች። የትንፋሹ ሙቀት ወረቀቱን ወደ እሷ ነፋው፣ መልሶም ሳበው።

ለቄሱ ልትነግራቸው አስባ ተወች። ለፖሊስ ምን ትበል? ባለቤቴ ወፈረ? ከተዘጋ ሱቅ ድምፅ ይመጣል? እንቅልፍ ጠፋባት። በመርፌ ጣቷን ትወጋ ጀመር፤ የምትሰፋው ሁሉ ልኩ ይዛነፍባት ነበር፣ የአንዱን ተማሪ እጅጌ በሌላው ቀሚስ ላይ ገጠመች። ላቀው በርኅራኄ ያያታል። «ጾሙን አቅልይው፣ ማንጤ፤ እግዚአብሔር አይቀየምሽም» አላት። እሷ ግን ከአፉ የሚወጣውን ሽታ እንጂ ቃሉን አልሰማችውም።

ከደብረ ዘይት በዓል ማግስት፣ በቀትር፣ ላቀው እንደ ልማዱ ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወጣ። ማንጠግቦሽ ከበሩ ቆማ አየችው፤ በዘይነባ ምግብ ቤት በኩል ሄዶ ሰው መሐል ጠፋ። ገና ወደ ወንበሯ ሳትመለስ መጥረቢያው መውረድ ጀመረ። በዚህ ጊዜ ሌላም ድምፅ ነበረ። በየምቱ መሐል የሚያቃስት ሰው ነበር።

ለመቅረብ ሳትደፍር ብዙ ቆየች፤ በመጨረሻ ወደ ግድግዳው ሄደች። ጋዜጣውን በጥፍሯ ነካችው፤ እንደ እርጥብ ቆዳ ተላጠ። ዓይኗን ስንጥቁ ላይ አደረገች።

መጀመሪያ ጨለማ ብቻ ነበር፣ እዚያም እዚያም ከቆርቆሮው ቀዳዳ የሚወርድ ቀጭን ብርሃን። ከዚያ የግንዱ ቅርጽ ታያት፣ ከዚያም ጀርባውን የሰጣት ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው። ጋዋኑ ከትከሻው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጥቁር ሆኖ ከሰውነቱ ተጣብቋል። ክንዱ ይወጣል፣ ይወርዳል። ከፊት ለፊቱ ከሜንጦው ላይ የተንጠለጠለው ነገር በየምቱ ይወዛወዛል። በሬ አልነበረም፣ በግም አልነበረም። ከወገቡ በታች ምንም የለውም። ከወገቡ በላይ ደግሞ ሸሚዝ ለብሷል፤ ቁልፎቹን የተከለችው እሷ ናት። ሲወዛወዝ ብርሃኑ ፊቱ ላይ አረፈ። ላቀው ነበር። የከሳው፣ ከንፈሩ የነጣው፣ በጾሙ መግቢያ ላይ ጠረጴዛውን ተደግፎ ይቆም የነበረው ላቀው። ዓይኑ ተከፈተ፣ ፈልጎ ስንጥቁን አገኘው፣ እሷንም አያት። አፉ ቃል ለማውጣት ተከፈተና ደም ብቻ ወጣው።

ጋዋን የለበሰው ሰው መጥረቢያውን አወረደ። ቀስ ብሎ ጭንቅላቱን ወደ ስንጥቁ ማዞር ጀመረ።

ማንጠግቦሽ ፊቱን ሳታይ ወደ ኋላ ወደቀች። የስፌት መኪናውን ተደግፋ ተነሣች። በዚያው ቅጽበት በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። ላቀው ገባ። ጉንጩ የሞላ፣ ከንፈሩ በቅባት ያብለጨለጨ፣ እጁን በመሐረብ እየጠረገ ያለ ላቀው። ሽታው ቀድሞት ገባ።

«ምነው፣ ምን ሆንሽ?» አለ።

ወደ እሷ መጣ። እጁን ትከሻዋ ላይ አደረገ፤ እጁ ይሞቃል፣ ይረጥባል።

«እኔ እኮ ልነግርሽ ነበር፣ ማንጤ...»

ትልቁ የልብስ መቀስ ጠረጴዛው ላይ ነበር። መቼ እንዳነሣችው አታውቅም። መጀመሪያ አንገቱ ሥር ገባ፤ እንደ ወፍራም ካኪ ትንሽ ታገለና ለቀቀ። ላቀው አልጮኸም። ተገርሞ አያት፣ እጁን ወደ አንገቱ ሰደደ፣ በጣቶቹ መሐል ደሙ ፈንጥቆ የተሰቀሉትን ሰማያዊ ዩኒፎርሞች በረድፍ ረጫቸው። ደግማ ወጋችው። «ባሌን ምን አደረግኸው!» እያለች ደረቱን፣ ክንዱን፣ ሊከላከልበት የዘረጋውን መዳፉን ወጋችው፤ መቀሱ አጥንት ላይ ሲንሸራተት ጣቷን ቆረጣት፣ አልተሰማትም። ሁለቱም ጠረጴዛው ላይ ወደቁ። ካውያው ተገለበጠ፣ ክዳኑ ተከፈተ፣ የጋለው ፍም ፈስሶ በቀሚሷ ጫፍ ላይ ተበተነ፣ ጨርቁም ተያያዘ።

ላቀው ያን ጊዜ አንገቱን የያዘበትን እጁን ለቀቀ። ደሙ እየዘለለ፣ በባዶ እጁ ፍሙን ከቀሚሷ ላይ ጠረገው። ነበልባሉን በመዳፉ ጨፍልቆ አጠፋው፤ የተቃጠለ ሥጋ ሽታ ወጣ። አንዱ ፍም ጉልበቷ አጠገብ ቀርቶ ነበር፣ እሱንም በጣቱ አንሥቶ ጣለው። «ተቃጠልሽ?» አለ። ወይም ሊል ነበር፤ ከአፉ የወጣው ቃሉ ግማሽ ነው። ከዚያ ጎኑን ሰጥቶ ተኛና ዓይኑ እሷ ላይ እንዳለ ቆመ።

መቀሱ ከእጇ ወደቀ። ባሏ እንደሆነ ያወቀችው ያን ጊዜ ነው።

ከግድግዳው ወዲያ ምንም ድምፅ አልነበረም።

ሰው ተሰበሰበ። ጸጉር አስተካካዩ መላጫ እንደያዘ መጣ፣ በሩ ላይ ደርሶም ተመልሶ አስታወከ። ፖሊሶች ሲደርሱ ማንጠግቦሽ የላቀውን ጭንቅላት ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣ ነበር፤ ጣቷን ወደ ስንጥቁ ቀስራ «እዚያ፣ እዚያ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣትም። የሥጋ ቤቱን ጓጉንቸር በመዶሻ ሰበሩት። እሷንም ይዘዋት ገቡ። ውስጡ ደረቅ ነበር። ግንዱ እንደታጠበ ነጥቶ ተሰነጣጥቋል፣ ሜንጦዎቹ ላይ ሸረሪት ድር ሠርታለች፣ መሬቱን የሸፈነው አቧራ ላይ የአይጥ ዱካ እንኳ አልነበረም። ትኩስ የሆነ ምንም ነገር አልነበረም። የረጠበውን ጋዜጣ አሳየቻቸው፤ ደረቅ ነበር።

ወይዘሮ ዘይነባ ደረቷን እየደቃች ስታለቅስ የምትለውን ማንጠግቦሽ ሰማች። «እኔን፣ እኔን! አሁን ከእኔ ቤት በልቶ መውጣቱ እኮ ነው! ደም አንሶሃል፣ ሥጋ ካልበላህ ትወድቃለህ አሉት ጤና ጣቢያ። ‹ማንጤ እንዳትሰማብኝ፣ ጾሙን መፍታቴን ካወቀች ልቧ ይሰበራል፣ ሲሻለኝ ራሴ እነግራታለሁ› ብሎ በአላህ አስማለኝ። በየቀኑ እጓዳዬ ተደብቆ ነበር የሚበላው። ምነው አፌ ተናግሮ በነበረ!»

ከፖሊስ ጣቢያው ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ አሰሯት። በማግስቱ የእድሩ ጥሩንባ ሲነፋ ሰማች፤ ቀጥሎ ልቅሶው በመንገዱ አልፎ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሲርቅ፣ ቀጥሎ ደወሉን። ሥርዓተ ቀብሩ ላይ እንዲያደርሷት አልለመነችም። ባዶ ወለል ላይ ተቀምጣ ያንን እጅ ታስባለች፤ ፍሙን ሲጠርግ፣ መዳፉ ሲጠቁር፣ የመጨረሻውን ፍም ሲያነሣ። እንባ አልመጣላትም። ያየችው ነገር ምን እንደነበረ ራሷን መጠየቅ ትታለች፤ ያደረገችው ብቻ ነው የቀረላት፣ እሱ ደግሞ በጣም ግልጽ ነው። ፖሊሶቹ ደግ ነበሩ። ውኃ ሰጧት፣ ቁስሏን አሰሩላት። የአገሬው ሰው ግን ወደዚያ ዝር አላለም፤ ዘመድ የላትም፣ ስንቅ የሚያመጣላት እንደሌለ ታውቃለች፣ ምግብም አላሰኛትም።

ከቀብሩ ሦስተኛ ቀን ላይ ዘበኛው ተቀየረ። አዲሱ ገና በዚያ ጠዋት ከሌላ ወረዳ ተዛውሮ የመጣ ልጅ እግር ፖሊስ ነበር፤ ከተማውንም፣ የሰውንም ጉዳይ ገና አላወቀም። ቀትር ላይ በሩን ከፍቶ በንጹሕ ጨርቅ የታሰረ ሳህን ይዞ ገባና በጥንቃቄ ከፊቷ አስቀመጠው። ሽታው ክፍሉን ሞላው፤ ትኩስ፣ ብረት ብረት የሚል፣ ምላስ ላይ የሚቀመጥ። ማንጠግቦሽ ወደ ኋላ እየሸሸች ጀርባዋ ግድግዳውን ነካ።

«ማን ነው ያመጣው?» አለች።

«ባለቤትዎ ናቸው፣ እናቴ» አላት ወጣቱ ፖሊስ በትሕትና፤ «ደንቡ ነው ይቅመሱ ስላቸው እፊቴ ቀምሰዋል፣ በልታ እስክትጨርስ አልሄድም ብለውም በሩ ላይ ቆመው እየጠበቁዎት ነው።»